ያመለጠን ትንሹ ሰላም

የገመቹን መሞት የነገረችኝ ዘይነባ ናት፤ ያውም ከተቀበረ ከአራት ወር በኋላ። ስልኩ ሲጠራ ጋምቤላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ከምኖርባት አንዲት ክፍል ደጃፍ፣ የማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጬ እዚያው ስልኬ ላይ ብሪጅ እጫወት ነበር። አሥራ ሦስቱ ካርታዎቼ ድንገት ጠፉና በቦታቸው የእሷ ስም መጣ። «አንቺ ሲስተር፣ ሰምተሻል ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት» አለች። ድምጿ አርጅቷል፤ የወሎ ዜማው ግን አልለቀቃትም። «ገመቹ ሄደ።» የት ሄደ ልላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው የገባኝ። ስለ ሕመሙ፣ አዳሚ ቱሉ ስለ መቀበሩ፣ ስለ ቀባሪው ብዛት ስትነግረኝ እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ቆየሁ። በነርስነት ዘመኔ ለስንቱ ቤተሰብ መርዶ የተናገርኩ ሰው፣ ለራሴ ሲመጣ እሺ አልኩ። ስልኩ ሲዘጋ ካርታዎቹ እንደነበሩ ተመለሱ። ማሽኑ አጋሬ «ሁለት ልብ» ብሎ መልሴን እየጠበቀ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምጫወተው ከእሱ ጋር ነው። አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ ስሳሳት ለምን አይለኝም፣ ሲቀናኝም ጎሽ አይለኝም። ያን ቀን ሳልመልስለት ስልኩን አጥፍቼ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ናዝሬት ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። አሁን አዳማ ነው የምትባለው፣ እኔም ስጽፍ አዳማ እላለሁ፤ በሕልሜ ግን እስከ ዛሬ ናዝሬት ናት። ጋምቤላ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ተብሎ ነው። ሁለቱ ዓመት ዕድሜዬን ይዞት ሄደ። አላማርርም። በእጄ የተወለዱ ልጆች ዛሬ እነሱም ወልደዋል፤ መንገድ ላይ አቁመው እናቴ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እናቴ የሚሉኝ ሁሉ ግን ከእሑድ አምልኮ በኋላ ወደየቤታቸው ይገባሉ፤ እኔም ወደ ማንጎዬ። እንደዚህ ያለው ሰዓት ላይ ነው ጆሮዬ የአዳማን ነፋስ የሚሰማው። እዚህ ነፋስ የለም፤ ሙቀቱ ቆሞ ነው የሚውለው። የአዳማ ነፋስ ግን ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣና አቧራውን ከሰው ጋር እኩል ያስኬደዋል። ነጭ የነርስ ጫማዬ ጠዋት ወተት መስሎ ወጥቶ ማታ ቡኒ ሆኖ ይመለስ ነበር። ከክሊኒኩ ስወጣ ልብሴን እቀይራለሁ፤ እናቴ የሰፋችልኝ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሰማያዊ የቴትረን ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ፀጉሬ ላይ ሻሽ። ከዚያ ጋሪ። ጋሪ ስሙኒ ነበር፤ የፈረሱ ግንባር ላይ ቀይ ክር፣ አንገቱ ላይ ቃጭል። ፖስታ ቤቱ ጥግ አንዲት ሴት ፓፓያ እየቆረጠች፣ ሎሚ እየጨመቀችበት፣ ቁራጩን በአሥር ሳንቲም ትሸጣለች። ጎኗ ካለው ሻይ ቤት ሬዲዮ ዘፈን ይወጣል። እኔ ዘፈን አልሰማም ነበር፤ ጋሪው ግን እዚያ ጥግ ሲደርስ ሁልጊዜ ዝግ ስለሚል የዘመኑን ግጥም ሁሉ አውቀዋለሁ።

የምሄደው ጋሽ ዘለቀ ቤት ነው። ጋሽ ዘለቀ በወጣትነታቸው የቆቃ ግድብ ሲሠራ ለቀያሾቹ ዘንግ ይይዙ ነበር። ፈረንጆቹ መሐንዲሶች ብሪጅ ሲጫወቱ አራተኛ ሰው ሲጎድልባቸው እሳቸውን እያስቀመጡ አስተማሯቸው። ግድቡ አልቆ ፈረንጆቹ ሲሄዱ ጋሽ ዘለቀ ሁለት ፓኬት ካርታ ይዘው ቀሩ፤ አብሯቸው የሚጫወት ግን በከተማው አንድ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሰው ማሠልጠን ያዙ። መጀመሪያ ጎረቤታቸውን ዘይነባን፣ ከገበያው ጀርባ አቡጀዲ የምትሸጠውን፤ ከዚያ ገመቹን፤ በመጨረሻ እኔን፣ መርፌ ሊወጉ ክሊኒክ መጥተው «አንቺ ልጅ፣ እስከ አሥራ ሦስት መቁጠር ትችያለሽ?» ብለው።

ለማያውቀው ሰው ብሪጅ እንዲህ ነው። አራት ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይጫወታል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው አጋር ነው። እያንዳንዱ አሥራ ሦስት ካርታ ይደርሰዋል፤ ጨዋታውም አሥራ ሦስት ዙር ነው። ከጨዋታው በፊት ግን ጨረታ አለ። ከአሥራ ሦስቱ ዙር ስንቱን እንደሚወስድ እያንዳንዱ በተራው ይጠራል፤ መጨመር የማይፈልግ «ፓስ» ይላል። የአጋርን ካርታ ማየት የለም፤ በዓይን መጥቀስ፣ በእግር መንካት ነውር ነው። ሰው የያዘውን ለአጋሩ የሚነግረው በጥሪው ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ዙር ጠርቶ መውሰድ በእንግሊዝኛው ስላም ይባላል። ጋሽ ዘለቀ ከፈረንጆቹ አፍ ሲሰሙት «ሰላም» መሰላቸው፤ እኛም ሰላም ብለነው ቀረ፤ አሥራ ሁለቱ ትንሹ ሰላም፣ አሥራ ሦስቱ ትልቁ ሰላም። ክፋቱ፣ ሰላም አስቀድመው ካልጠሩት አይቆጠርም። አሥራ ሁለቱን ዙር ቢወስዱትም ሽልማቱ የለም። ዙሩ ይገኛል፣ ሰላሙ ያመልጣል።

ካርታ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት ነበር። በገንዘብ አንጫወትም፣ ጋሽ ዘለቀም ከጠላ በስተቀር የሚያሰክር ነገር ቤታቸው አያስገቡም፣ እኔ ደግሞ ጠላውን አልቀምስም፤ ቢሆንም ከመስኮቱ ራቅ ብዬ እቀመጥ ነበር። ጌታን ጠይቄዋለሁ። በግልጽ አልፈቀደልኝም፤ በግልጽም አልከለከለኝም። ጥሩ ካርታ ሲደርሰኝ ታዲያ ሳላውቀው «ጌታ ሆይ» እላለሁ። ዘይነባ ይህን ደረሰችበት።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ይቺ ሴት በጸሎት ትጠቁማለች» አለች አንድ ቅዳሜ። «ጌታ ሆይ ስትል ንጉሥ ይዛለች፤ ጌታዬ ሆይ ስትል አስ።»

«በጨረታ መሃል ጸሎት አይፈቀድም» አሉ ጋሽ ዘለቀ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። «ጸሎት ያለው ካርታ ከመታደሉ በፊት ይጨርስ።»

«ተያት ዘይኑ፣ አንቺም እኮ ቢስሚላሂ ትያለሽ» አለ ገመቹ።

«እኔ ለመጥፎውም ለጥሩውም ነው የምለው። ማን ያውቅብኛል?»

ገመቹ የእኔ አጋር ነበር። የአርሲ ልጅ ነው፤ ሥራው ቆቃ የሐይቁን ውኃ ከፍታ መለካት። እሑድ እሑድ በእኛው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መጨረሻ ረድፍ ላይ ቆሞ ወፍራሙን ድምፅ ይዘምራል። ታቹ የሚሰፋ ቡኒ ሱሪ ነበረው፤ አንድ ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን የሚተኮስበት መስመር ወረቀት የሚቆርጥ ይመስል ነበር። ሲገባ ለሁላችንም «አካም ጅርቱ» ይላል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ሲስተር?» ይለኛል፣ እኔ ከሁላችን ውስጥ ያልሆንኩ ይመስል።

አንድ ቀን ገመቹ «አንድ ልብ» ብሎ ጨረታውን ከፈተ። ልብ ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ልብ በርከት ብሎ ይዣለሁ፣ ልብ ይግዛልን ማለቱ ነው። እጄን አየሁ። አራት ልብ ከነንጉሡ፤ በላዩ ላይ ከንጉሥም የሚበልጠው አስ፣ ሁለት። ጌታ ሆይ ልል ስል የጋሽ ዘለቀ ሕግ ትዝ አለኝና ከንፈሬን ነከስኩ። ቶሎ ልገላገል ብዬ «አራት ልብ» አልኩ። ጥሪ ከስድስት ዙር በላይ ስለሚቆጠር አራት ልብ አሥር ዙር ነው፤ የማያሳፍር፣ ጥንቁቅ ሰው የሚያርፍበት ጥሪ። ገመቹ ጥቂት አየኝና «ፓስ» አለ። ከዚያ ተጫወተው። አሥራ ሁለት ዙር ወሰደ።

ዘይነባ ካርታዋን ዘርግፋ ሳቀች። «ጴንጤዎቹ ሰላም አመለጣቸው። ነገ ገበያ ውስጥ አወራዋለሁ።»

ከቤት ስንወጣ ገመቹ እስከ ጋሪው ሸኘኝ። ሁልጊዜም ይሸኘኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን እያሰበ ነው የሚራመደው። «ሲስተር፣ ዘለልሽ እኮ። ደካማ የያዝሽ መሰለኝ» አለኝ።

«ደካማ ብይዝ ለምን እዘላለሁ?»

«ደካማ የያዘ ነው የሚዘል፤ ሌላው እንዳይናገር በሩን ቶሎ ለመዝጋት። ጠንካራ የያዘ ሰው ዝግ ይላል። ሁለት ዳይመንድ ብትዪኝ ኖሮ፣ አዲስ ዓይነት፣ ገና ብዙ የምነግርህ አለኝ ማለት ነበር።»

«አንተ እዚያው ላይ ፓስ ብትለኝስ?»

«አላልፍሽም» አለ። «ዝግ ብለሽ አዲስ ነገር ከጠራሽ፣ ነገርሽን ሳትጨርሺ አላልፍሽም። እንጻፈው።» ከደረት ኪሱ ደብተሩን አወጣና የጋሪው መቀመጫ ላይ አስደግፎ ጻፈው። ባለ ጋሪው ደብዳቤ የምንጽፍ መስሎት ፈረሱን ይዞ በትዕግሥት ቆመ።

ከዚያ ወዲህ የነበሩት ቅዳሜዎች ሁሉ ለእኔ አንድ ቅዳሜ ናቸው። ቀስ እያልን፣ በየደረጃው፣ እየተነጋገርን መጣን። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል፤ በመሃሉ ማንም የማይሰማው ሌላ ወሬ ያለ ይመስል ነበር። ዛሬ ማሽኑ ሲመልስልኝ ጥሪው ትክክል ነው፣ ከገመቹም ይበልጥ ትክክል ነው፤ ግን ከጥሪው ጀርባ ማንም የለም። ያኔ ትንሹን ሰላም ሦስት ጊዜ ጠርተን ወሰድን። በሦስተኛው ጋሽ ዘለቀ ተነሥተው እጃችንን ጨበጡን፤ ዘይነባ ግን «ሁለቱ የሚነጋገሩት በጨረታ ብቻ አይደለም» አለች። ገመቹ አንገቱን ደፋ። እኔ ሻሼን አስተካከልኩ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ፖስታ ቤቱ ጥግ ነበርን። ነፋሱ በርዶ፣ ፓፓያ ሻጯ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው። ጋሪው ላይ ወጥቼ ተቀምጫለሁ፤ እሱ እጁን የጋሪው ጠርዝ ላይ አድርጎ መሬት ቆሟል። «አስቴር» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው፤ በዚያ ዘመን እናቴ እንኳ ሲስተር ነበር የምትለኝ። «ቅዳሜ ብቻ አጋር መሆን አልበቃኝም።» እኛ ቤተ ክርስቲያን የትዳር አጋር ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ቃሉን ማብራራት አላስፈለገውም፣ እኔም ምን ማለትህ ነው አላልኩም። እጄ ሙሉ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። በአራት ልብ ዘልዬ ሰላም ያመለጠኝ ሴት፣ ጠንካራ የያዘ ሰው ዝግ ይላል ተብዬ የተማርኩ ሴት፣ ዝግ አልኩ።

«ልጸልይበት» አልኩት።

«እሺ» አለ። ፈገግ ብሎ እጁን ከጋሪው ላይ አነሣ።

በእውነትም ጸለይኩበት። ሦስት ቀን ጾምኩ፤ ከክሊኒኩ ሥራ ጋር ሦስት ቀን መጾም ቀላል አልነበረም፣ አንድ ሕፃን ስመዝን ራሴን አዙሮኛል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰላም ተሰማኝ። የካርታውን አይደለም የምለው፣ የእውነቱን። የምመልስለትን አዘጋጀሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ብቻ ይጠይቀኝ፤ ከዚያ በኋላ የምለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር።

ቅዳሜ መጣ። «አካም ጅርቱ» አለ ለሁሉም። ወደ እኔ ዞሮ «እንደምን ዋሉ ሲስተር?» አለኝ። ዋሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ ያለኝ ሰው። ጨዋታው አላማረብንም አልልም፤ አንድ ስሕተት አልሠራንም። ሲያልቅ ቆቃ የሚመለስ መኪና አለብኝ ብሎ ቀድሞ ወጣ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው። በሦስተኛው ወደ አዳሚ ቱሉ ተዛውሬያለሁ ብሎ ሊሰናበተን መጣ። ጋሽ ዘለቀን አቅፎ ሳማቸው፣ ዘይነባን ሳማት፣ እኔን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ተጸጽቷል፣ አስቦበት ትቶኛል፣ አልኩ በልቤ። ደግሞ ለመጠየቅ የሚሠንፍ ሰው ፈቃዱ አልነበረውም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሮጬ ልንገረው? የዚያ ዘመን ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ ያልተጠየቀችውን? ዘይነባ በር ላይ ያዘችኝና «ምን አድርገሽው ነው?» አለች። «ምንም» አልኩ። እውነቴን ነበር። በዚያው ሰሞን ጋምቤላ ለሁለት ዓመት የሚሄድ ነርስ ይፈለጋል ተባለ፤ ስሜን ሰጠሁ።

ለቅሶ ከአራት ወርም በኋላ ይደረሳል። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ አዳማ ገባሁ። ጋሪዎቹ ከዋናው መንገድ ጠፍተዋል፤ ሰማያዊ ባጃጅ በየጥጉ ይርመሰመሳል። የጋሽ ዘለቀ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል ቆሟል፤ በረንዳው የት እንደነበረ በእግሬ ለክቼ ላገኘው ሞከርኩ፣ ዘበኛው ምን ጠፋብዎት እናቴ ሲለኝ ተውኩት። ዘይነባ ጋ አደርኩ። አብራኝ እንዳትመጣ ጉልበቷ እምቢ አላት። «ጫልቱ ደግ ሴት ናት፣ አትፍሪ» አለችኝ፤ ምን እንደምፈራ ግን አልጠየቀችኝም። በሞጆ ዞሬ፣ ቆቃን አልፌ፣ ሐይቁ በግራ በኩል ሲያበራ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በመቂ በዝዋይ አድርጌ አዳሚ ቱሉ ደረስኩ። የገመቹን ቤት ያላወቀ ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ ጫልቱ ጥቁር ለብሳ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ግድግዳው በፎቶ ተሞልቷል፤ ምረቃ፣ ሠርግ፣ ሕፃናት፣ በሁሉም ውስጥ የገመቹ ግንባር አለ። አቅፌያት አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች። ከተቀመጥን በኋላ «እርስዎ ከየት ነዎት እናቴ?» አለችኝ።

«ከጋምቤላ።»

«ይህን ሁሉ መንገድ። ዘመድ ነዎት?»

የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ ልል እችል ነበር። «ድሮ አዳማ ካርታ አብረን እንጫወት ነበር፤ ብሪጅ የሚባል» አልኩ። ለማላውቀው ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ጫልቱ ፊቴን ትክ ብላ አየችው። «ሲስተር ነሽ» አለች። አንቺ አለችኝ። «እንዴት አላውቅሽም። እኔን ሳይጠይቀኝ በፊት ነግሮኛል። አንዲት ነርስ ጠይቄ እምቢ ብላኛለች፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ከእኔ ስሚው አለኝ።»

«እምቢ አለችኝ አለ?»

«በጨዋ ደንብ ነዋ። ልጸልይበት አልሽው አይደል? ከአንቺ በፊትም አንዷ የመዘምራን ልጅ ልጸልይበት ብላው በወሩ ሌላ አገባች። እኛ ቤት ልጸልይበት ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? እንደገና ጠይቆ ሊያስጨንቅሽ አልፈለገም። ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። ጫልቱ፣ ፓስ ተባልኩ አለኝ። ፓስ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እየሳቀችም ነበር። «እኔን ሲጠይቀኝ ደግሞ፣ አንቺም ልትጸልዪ ነው? አለኝ። አልጸልይም፣ እሺ ነው አልኩት።»

እኔ በደብተሩ ቋንቋ ጠራሁ፤ እሱ በቤተ ክርስቲያኑ ቋንቋ ሰማኝ። ሁለታችንም ሕጉን ጠብቀናል። አሥራ ሁለቱም ዙር እጃችን ውስጥ ነበሩ። እዚያው ልናገረው አሰብኩ፤ እምቢ አላልኩትም፣ ሦስት ቀን ጾሜ እሺ ልለው ስጠብቀው ነበር፣ እስከ ዛሬም ሌላ አልጠየቀኝም፣ ቢጠይቀኝም አልሰማሁም። ይህን ሁሉ ዘመን ተወኝ ብዬ የኖርኩት ሰው አልተወኝም ነበር። ለአንድ ሰው ብናገረው ቀለል የሚለኝ ነገር ነበር። የሚሰማኝ ሰው ግን እሷ ብቻ ናት።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለች ጫልቱ፣ እጄን ይዛ። «ባገኛት አመሰግናታለሁ እል ነበር። አንቺ እምቢ ባትዪ እኒህ ሁሉ የሉም።» ግድግዳውን በአገጯ አሳየችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ግን ለምን ነበር?» አለች። «አንድ የታየሽ ነገር ነበር? እኔ ጋ ክፉ ወጥቶት አያውቅም። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን፣ እሷ ምን አይታበት ይሆን እላለሁ።»

እጄን ሳትለቅ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ክፉ ውጤት የሚፈራ ሰው እንዲያ ነው የሚያይ፤ በሥራዬ አውቀዋለሁ።

«አንድም ክፉ ነገር አላየሁበትም» አልኳት። «እኔ ትዳር አልፈልግም ነበር። አንዳንዷ ሴት እንዲያ ሆና ነው የምትፈጠረው። ማንም ቢጠይቀኝ ያንኑ እመልስ ነበር።»

ጫልቱ እጄን ለቅቃ ተነሣች። ምሳ አቀረበችልኝ፣ በላሁ። የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ነገረችኝ፣ ሰማሁ። እስከ አስፋልቱ ሸኝታኝ ሚኒባሱ እስኪሞላ በመስኮቱ በኩል እጄን ይዛ ቆመች።

በዕድሜዬ ብዙ ነገር ለጌታ ተናዝዣለሁ፤ ካርታውን ሳይቀር። ያቺን ውሸት ግን እስከ ዛሬ አላነሣሁለትም፤ ተንበርክኬ ስነሣ ሁልጊዜ እሷ ትቀራለች። እሱም አልጠየቀኝም።